ካርቶኑ ላይ ያለችው ሴት እኔ ነኝ

ወረፋ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴት የቁርስ እህል ካርቶን በሁለት እጇ ይዛ ጀርባውን ታነባለች። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሥራ የለውምና እኔም በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ማንበብ ጀመርኩ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ቀርበዋል፤ አንዱ «በፊት»፣ ሌላው «በኋላ» ይላል። ሁለቱም የእኔ ናቸው።

ፎቶግራፉን ከተነሣሁ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቀነስኩት 21 ኪሎ 14ቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት የምመስለው የግራውን ፎቶግራፍ እንጂ የቀኙን አልነበረም። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም። ይባስ ብላ ካርቶኑን ወደ እኔ አዘንብላ፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር እውነት ይሠራ ይሆን?» አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እዚያ ካርቶን ላይ እንዴት እንደወጣሁ ልናገር። እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ አይተው ተስፋ የሚያደርጉ፣ ኋላም በራሳቸው የሚያዝኑ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

91 ኪሎ ነበርኩ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ ዝም አለ፤ ከንግግሩ ይልቅ ዝምታው አስደነገጠኝ። ፍርሃት የያዘው ሰው መምረጥ አያውቅም፤ በአንድ ወር ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ለወጥኩ። በቀን ሦስት ጣሳ እጠጣው የነበረውን ለስላሳ መጠጥ ተውኩ። ወደ ሥራ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ መሄጃው ሃምሳ ደቂቃ፣ መመለሻውም ያው። የሌሊት ተረኛነቴን ወደ ቀን አስቀየርኩና ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሊቱን እንደ ሰው መተኛት ቻልኩ። ከእራት በኋላ ወጥ ቤት መግባትን ለራሴ ከለከልኩ። ከዚህ ሁሉ ጋር ቁርሴንም ቀየርኩ፤ በካርቶን የታሸገ፣ ወተት ተጨምሮበት የሚበላ እህል ገዛሁ። በ11 ወር ውስጥ 70 ኪሎ ገባሁ።

ካርቶኑ ላይ «የለውጥ ታሪክዎን ይላኩልን» የሚል ጥሪ ነበር። አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ለስላሳው፣ ስለ እግር መንገዱ፣ ስለ እንቅልፉ ጻፍኩ። ስለ ቁርሱ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እርሷንም የጻፍኳት ጥሪው የእነርሱ ስለሆነ፣ ለይሉኝታ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው ወጣት እጅግ ትሑት ነበር። «ታሪክዎ አስለቅሶናል» አለኝ። አራት ገጼን አንብቦ ያለቀሰን ሰው እንዴት እጠላዋለሁ? ወደድኩት። በሳምንቱ ተገናኘንና ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። ስለ እግር መንገዴ ስናገር እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ስለ ቁርሱ ስናገር ያነሣዋል። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም፤ ዛሬ ግን ከዚያ ቀን ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ የእስክሪብቶው መነሣትና መቀመጥ ነው። «ጠዋት ጠዋት ሲበሉት ምን ይሰማዎት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም የተለየ ነገር እንዳልተሰማኝ ነገርኩት። ጥያቄውን እያገላበጠ አምስት ጊዜ ያህል መለሰው። በአምስተኛው ላይ «ቀኔን በጉልበት እጀምር ነበር» አልኩት። ፊቱ በራ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ከዚያች ደቂቃ በፊት እንዲህ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ውል ፈረምን። ገንዘብ ይከፈለኛል፤ የሚያከብር ባይሆንም እምቢ የሚባል አልነበረም። የአንድ ዓመት የቁርስ እህል በነጻ ይመጣልኛል። ለሁለት ዓመት ስለ ምርቱ በአደባባይ ክፉ አልናገርም። እነርሱ ደግሞ ፎቶግራፌንና ቃሌን «ለማሳጠር ያህል እያስተካከሉ» ለአምስት ዓመት ይጠቀሙበታል። ክብደቴ ቢመለስ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንቀጽ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በሠርጉ ዋዜማ ስለ ፍቺ የሚጠይቅ ማን አለ?

የፎቶግራፉ ቀን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ጨው የበዛበት ነገር እንዳልበላ፣ ጠዋትም ውኃ እንዳላበዛ ተነገረኝ። ስደርስ አንዲት ሴት ፊቴን ቀባችኝ፣ ሌላዋ ፀጉሬን ሠራችልኝ። ቀሚሱ ስለሰፋኝ ከጀርባዬ በመቆንጠጫ ሰበሰቡት፤ ከፊት ሲታይ በልኬ የተሰፋ ይመስላል፣ ከኋላ ግን የልብስ ማስጫ ገመድ መስዬ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው «ትከሻዎን ወደ ኋላ፤ አንድ እግርዎን ወደ ፊት፤ ወገብዎን ትንሽ ያዙሩት፤ አሁን ትንፋሽዎን ይሳቡና ያዙት» ይለኛል። ትንፋሼን ይዤ ፈገግ ማለት እንደሚከብድ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በፊት፣ ገና ሳልቀባ፣ መብራቱን ለማስተካከል ብሎ ጥቂት አንሥቶኝ ነበር። ተቀምጬ፣ ጎብጬ፣ ምሳ መቼ እንደሚቀርብ እያሰብኩ ነበር። በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የጠዋቱን ከማርፈጃው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ አምስት ኪሎ የቀነስኩ መስያለሁ። አብረን ሳቅን። የሳቅኩት በራሴ ላይ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። «በፊት» ለሚለው ደግሞ ከአልበሜ ውስጥ 12 ፎቶግራፎች ልኬላቸው ነበር፤ የመረጡት አፌ ጎርሶ፣ አንድ ዓይኔ በከፊል ተከድኖ የታየሁበትን ነው። እንዲያ ሆኖ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ክብደቱ ምንም ይሁን ምን «በፊት» መምሰሉ አይቀርም።

በዚያ ቀን ሰባት ሆነን ነበር የተጠራነው። ተራችንን ስንጠብቅ እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂዎች የየራሳችንን ጉዳይ እንጨዋወት ነበር። አንዱ ለማራቶን ሲለማመድ የከረመ ሰው ነው፤ 42 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የተዘጋጀ ሰው ምን ቢበላ እንደማይወፍር መገመት አያዳግትም። አንዲት እናት ደግሞ የ«በፊት» ፎቶግራፏ ከወለደች በሦስተኛው ሳምንት የተነሣ ነበር። ካርቶኖቹ ገበያ ላይ ሲወጡ ማራቶኑም ሕፃኑም አልነበሩም። በእኔም ካርቶን ላይ ለስላሳው፣ እግር መንገዱና እንቅልፉ አልነበሩም። አራት ገጼ አንድ መስመር ሆኖ ነበር፦ «በየማለዳው በላሁት፤ ሕይወቴ ተለወጠ።»

ያቺን መስመር ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። በየማለዳው መብላቴ እውነት ነው። ሕይወቴ መለወጡም እውነት ነው። ማንም ፍርድ ቤት ቢያቆመኝ ሁለቱንም ቀኝ እጄን አንሥቼ እምላለሁ። ውሸቱ የተቀመጠው መካከል ላይ ባለችው ድርብ ሰረዝ ውስጥ ነው። አንባቢው እርሷን ሲያይ በራሱ ፈቃድ «ስለዚህ» ብሎ ያነብባታል፤ ኩባንያው ግን «ስለዚህ» ብሎ አልጻፈም። ማስታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች ሥርዓተ ነጥብ አያውቁም የሚል ሰው ካለ እኔን ያነጋግር።

ከሥሩ፣ ዓይን በሚያደክሙ ጥቃቅን ፊደላት፣ «ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል። የተመጣጠነ አመጋገብና መደበኛ የሰውነት እንቅስቃሴ አካል ሲሆን» የሚል ነበር። ይህችን ሁለተኛዋን ሐረግ ፈትኗት። በቁርስ እህሉ ቦታ ሌላ ማንኛውንም ነገር አስገቡበት፤ ውኃ፣ ሻይ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ። የተመጣጠነ ምግብ የሚበላና ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው የጠረጴዛ ጨርቅ ቢገዛም ይቀንሳል።

እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የሚቆጣጠሩ አካላት የሚያውቁት ነገር አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 የወጡ 300 ያህል የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያዎችን መርምሮ በ2002 ሪፖርት አውጥቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ 65ቱ የደንበኛ ምስክርነት፣ ከመቶ 42ቱ የ«በፊት» እና «በኋላ» ፎቶግራፍ ነበራቸው። ከመቶ 55ቱ ደግሞ ሐሰት የመሆን ዕድሉ የሰፋ ወይም በቂ ማስረጃ የሌለው ቢያንስ አንድ አባባል ይዘው ተገኝተዋል። እስከ 2009 ድረስ በዚያ አገር «ውጤቱ የተለመደ አይደለም» ብሎ ከሥር መጻፍ ለአስተዋዋቂው መሸሸጊያ ነበር። በዚያ ዓመት መመሪያው ተሻሽሎ፣ ልዩ ውጤት ያመጣን ሰው የሚያሳይ ማስታወቂያ ብዙኃኑ ሊጠብቅ የሚችለውን ውጤት በግልጽ እንዲናገር ተጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው ደንብ የበለጠ ጨክኗል፤ አንድ ምግብ ይህን ያህል ኪሎ ወይም በዚህ ፍጥነት ክብደት ያስቀንሳል የሚል የጤና አባባልን ጨርሶ ከልክሏል፤ የግለሰብ ሐኪምን ምክር ጠቅሶ ማስተዋወቅንም እንዲሁ። ይህን ያነበብኩት ውሌ ካለቀ በኋላ ነው። ከፊርማዬ በፊት አንብቤው ቢሆን ኖሮ እፈርም ነበር ወይ? እፈርም ነበር ብዬ እሰጋለሁ። ደስታ ላይ ነበርኩ።

እኛ ሰባታችን የተመረጥነው ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ አልተነገረንም። ትልቁ ጥያቄ ግን ደብዳቤ የጻፉት ስንት ናቸው የሚለው እንኳ አይደለም፤ ያልጻፉት ናቸው። ያንኑ እህል አንድ ዓመት በልቶ ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ሜሎሳዊው ዲያጎራስ ስለሚባል የጥንት ግሪካዊ የሚነገር ነገር አለ። ለአማልክት ስለት ተስለው ከመርከብ አደጋ የተረፉ ሰዎችን ሥዕሎች አሳይተውት፣ አማልክት ለሰው እንደሚያስቡ በዚህ አታምንምን ቢሉት፣ «ስለት ተስለው የሰመጡት ሰዎች ሥዕልስ የት አለ?» አለ ይባላል። ካርቶኑ ላይም የሰመጡት ሥዕል የለም።

ይህን በቁጥር ያሳየኝ አንድ ጥናት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ቡድን ስብ የቀነሰ፣ ሌላውን ደግሞ ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ምግብ ለአንድ ዓመት አስበሏቸው፤ ውጤቱ በ2018 ታተመ። በአማካይ የመጀመሪያዎቹ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። እኔን ያስደነቀኝ ግን አማካዩ አይደለም። በሁለቱም ቡድን ውስጥ ወደ 30 ኪሎ የቀነሰም፣ ወደ 10 ኪሎ የጨመረም ሰው ነበር። አሁን ራሳችሁን በማስታወቂያ ባለሙያ ቦታ አስቀምጡ። ስብ የቀነሰ ምግብ ብትሸጡ 30 ኪሎ የቀነሰ እውነተኛ ሰው አላችሁ፤ ተቃራኒውን ብትሸጡም አላችሁ። ማንንም ማዋሸት አያስፈልጋችሁም፤ መምረጥ ብቻ ይበቃል። 10 ኪሎ የጨመረው ሰው ደግሞ ከቤቱ አይጠራም።

ከዚህም የከፋ አለ። በ2010 በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ መምህር የሆነ ማርክ ሃውብ የሚባል ሰው ለአሥር ሳምንት ያህል ከምግቡ አብዛኛውን ክሬም የተሞላ ኬክና መሰል ጣፋጭ አድርጎ በላ። የሚበላውን መጠን ግን በቀን ከ1,800 ካሎሪ በታች ወሰነ። 27 ፓውንድ፣ ማለትም 12 ኪሎ ያህል ቀነሰ። መምህሩ ይህን አድርጉ ብሎ አልመከረም፤ ማሳየት የፈለገው መጠኑ ከዓይነቱ ይልቅ ሚዛኑን እንደሚያንቀሳቅስ ነው። እኔ ግን ሳነበው ያሰብኩት የኬኩን ፋብሪካ ነው። ቢፈልግ ኖሮ የእርሱን ፎቶግራፍ ካርቶኑ ላይ ማውጣት ይችል ነበር፤ «በየቀኑ በላሁት፤ 12 ኪሎ ቀነስኩ።» ቃል በቃል እውነት።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ካርቶኑ ከወጣ ከስምንት ወር በኋላ መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌሊት ተረኛነት መለሰኝ። በዚያው ሰሞን ጉልበቴን አመመኝና የእግር መንገዱ ቀረ። ሌሊት የነቃ ሰው አፉ ሥራ አይፈታም፤ ለስላሳውም መጀመሪያ በሳምንት አንድ፣ ቆይቶ በቀን አንድ ሆኖ ተመለሰ። ቁርሱ ግን አልተቋረጠም። በነጻ አስለምደውኝ የለ? አንድም ማለዳ ሳላጓድል እየበላሁ በሁለት ዓመት ውስጥ 14 ኪሎ ጨመርኩ።

ልብ በሉ፤ ከሁሉም ሰው ይልቅ እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ካርቶኑ ላይ ምን እንደተቆረጠ አውቃለሁ፤ መቆንጠጫው ከጀርባዬ ሲነቀል የተሰማኝን አስታውሳለሁ። ሆኖም ጠዋት ሳህኔን ይዤ ስቀመጥ ያቺ ፈገግተኛ ሴት ከካርቶኑ ላይ ታየኛለች፤ እኔም «እርሷ እንዴት ቻለች? አንቺ ምን ነካሽ?» እላለሁ። በራሴ ፎቶግራፍ አፈርኩ። ካርቶኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ከጀርባው ያለውን ሁሉ የማታውቀው ሌላዋ ሴት ምን ትሆናለች? እህሉ ሳይሠራላት ሲቀር ጥፋቱን የምትሰጠው ለእህሉ አይደለም፤ ለራሷ ነው። ሠርቶላታል የተባለች ሴት ፊት ለፊቷ ፈገግ ብላ ተቀምጣለችና።

ስሌቱን የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ለስላሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ 140 ካሎሪ ማለት ነው። ሦስት ጣሳ 420። የመቶ ደቂቃ እግር መንገድ በእኔ ክብደት በግምት 300። ከቀድሞው ቁርሴ ወደ እህሉ መዛወሬ ያስቀነሰልኝ ግን በቀን ከ100 አይበልጥም፤ እርሱም መጠኑን ካልተላለፍኩ ነው። ወረቀት ላይ 7,700 ካሎሪ አንድ ኪሎ ስብ ነው ይባላል፤ በተግባር ሰውነት ሲቀልል የሚያቃጥለውም ስለሚቀንስ ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቢሆንም የማን ድርሻ ምን ያህል እንደነበረ ለማየት ይበቃል። ካርቶን ላይ መውጣት የነበረበት አሮጌ ጫማዬ ነበር።

ስለ መጠኑ ካነሣሁ አይቀር ይህን ሞክሩት። ካርቶኑ ላይ ያለው የካሎሪ ቁጥር ለ30 ግራም የተጻፈ ነበር። እኔ በለመድኩት ሳህን፣ በለመድኩት እጅ ቀድቼ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 75 ግራም ወጣ። በየማለዳው እበላ የነበረው የሁለት ሰው ተኩል ቁርስ ነው፤ የማነበው ደግሞ የአንድ ሰው። ሚዛን ከሌላችሁ፣ ካርቶኑ ስንት ጊዜ ይበቃል እንደሚል አንብቡና እቤታችሁ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ቁጠሩ።

ሰውነቴ እንደከዳኝ አስብ ነበር፤ ቆይቼ ግን ይህ የእኔ ብቻ ጉድ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችን ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረዋቸው ነበር፤ በ2016 ታትሟል። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 41 ኪሎው ተመልሷል። ሰውነታቸው ዕረፍት ላይ እያለ የሚያቃጥለው ጉልበት ደግሞ በልካቸው ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ከውድድሩ ማግስት የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን ሊያሳይ አይችልም። የስኳር ሕመም ያለባቸውን ከ5,000 በላይ ሰዎች ይዞ በአሜሪካ በተካሄደው ሰፊ ጥናት ደግሞ፣ የቅርብ ክትትልና ምክር ያገኙት በአንደኛው ዓመት በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 8.6 ቀነሱ፤ በስምንተኛው ዓመት የቀረላቸው ከመቶ 4.7 ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። እኔ ሳነበው ግን እፎይ አልኩ። ከ91 ኪሎ ከመቶ 4.7 ማለት ወደ 4 ኪሎ ነው፤ እኔ እስካሁን 7 ኪሎ ይዣለሁ። ከካርቶኗ ሴት ጋር ስነጻጸር የወደቅኩ ነኝ፤ ከእውነተኛ ሰዎች ጋር ስነጻጸር ግን ደህና ነኝ። ግፊቴም ካለፈው የተሻለ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያጋጥመኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። «በኋላ» ማለት ከምን በኋላ? ከሦስት ወር? ከሦስት ዓመት? አብዛኛው ጊዜ አይጻፍም። «በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ» የሚል ካየሁ ገጹን አልጨርሰውም። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያስቀመጠው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ አቅፎ ይይዛል፤ ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚወጣው እርሱ ነው። ሲበላ ደግሞ ይመለሳል። ቀጥሎ ያ ሰው ከዚያ ምግብ ሌላ ምን ምን እንደለወጠ አስባለሁ፤ አልተጻፈም ማለት አልለወጠም ማለት አይደለም። ከዚያም ምርቱን ከታሪኩ ውስጥ በሐሳቤ አውጥቼ፣ ያለ እርሱም ታሪኩ ይቆም እንደሆነ አያለሁ። የእኔ ታሪክ ያለ እህሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያለ እግር መንገዱ ግን ይወድቃል።

ታሪኩን የሚናገረውን ሰው ግን አትሳደቡ። ይህን የምለው ለራሴ ጠበቃ ለመቆም ብቻ አይደለም። አብረውኝ ከነበሩት ስድስቱ አንዳቸውም ውሸታም አልነበሩም። ሰው ከብዙ ድካም በኋላ «ጎሽ» የሚለው ሲያገኝ፣ ያለውን ሰው ማንነት አያጣራም። እህሉንም መርዝ ነው አላልኩም፤ እህል ነው። ቁርስ ለሌለው ቁርስ ይሆናል። የማይሆነው መድኃኒት ነው፤ ከሐኪም ጋር ስለ ግፊታችሁና ስለ ስኳራችሁ መነጋገር ያለባችሁ ከሆነ፣ ካርቶን የሐኪምን ወንበር አይወርስም።

ወደ ወረፋው እንመለስ። ሴትዮዋ ካርቶኑን አዘንብላ መልስ ትጠብቃለች።

«ይሠራል» አልኳት፤ «በቀን መቶ ደቂቃ በእግር ከሄዱበት።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመና ፎቶግራፉን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶግራፉን አየች።

«ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«ድሮ አውቃት ነበር። ለስላሳ መጠጥም ትታ ነበር፤ እርሱን አልጻፉላትም።»

ጥቂት አሰበች። ወረፋው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ እኛም ሄድን።

«ጣዕሙስ?» አለችኝ።

«ጣዕሙ ጥሩ ነው።»

ካርቶኑን ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ቅርጫቷ ውስጥ አስገብታ ሒሳቧን ልትከፍል ዞረች።